የእንቅርት መርፌና ማንም የማይጠይቀው ደም

አቦ እዚህ ድሬ አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው ናሙና በመርፌ ይወሰድ ሲባል ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፣ ካንሰር ከሆነ መርፌ ሲነካው አይሰራጭም ወይ ይላል። እሱ እኮ በጣም ብርቅ ነገር ነው፣ መርፌው ስለሚያፈሰው ደም ግን የሚጠይቅ የለም።

እንቅርት ሲሆን የሚያብጠው ታይሮይድ ማለት ትንሽ ሆኖ ደም የሚርመሰመስበት እጢ ነው፣ ያውም ቁጭ ያለው አየር ቧንቧው ላይ። መርፌው ደም ሲቀዱ ከሚወጉን ይቀጥናል፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጠብታ ደም ወይ ትንሽ ሰማያዊ ምልክት አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አክስቴን ይዤ የሄድኩ ቀን ሐኪሙ «እማማ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላት «ምንም የለም ልጄ» አለች። ለልቧ የታዘዘላትን ደም የሚያቀጥን አስፕሪን በየቀኑ ትውጣለች እኮ! ግን ስለለመደችው ለሷ መድኃኒት አይደለም፣ እኔ ነኝ ከጎን ሆኜ የነገርኩት። እሱም አስፕሪን ብቻውን አይከለክልም፣ በደንብ እንጫነዋለን ብሎ አልትራሳውንዱን እያየ ወጋት። ዋርፋሪን የሚባለውን ጠንከር ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ አስቀድሞ መናገር አለበት፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በምርመራ (አይኤንአር የሚሉት) ይታያል። ደግሞ ነገ መርፌ አለብኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም፣ በተለይ የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው፣ ደም ረግቶ አንጎሉ ውስጥ ቢገባስ? ማቆም አለማቆሙን ያዘዘው ሐኪም ይወስን።

ከተወጋ በኋላ ያለው መጫን ነው ዋናው ነገር። ጎዙን ይዘህ አምስት አስር ደቂቃ ሳትለቅ፣ በየመሀሉ ቆመ እንዴ እያልክ እየገለጥክ ሳታይ። አክስቴ ቤቷ ሐረማያ ስለሆነ ወዲያው ሚኒባስ እንያዝ ብላ ወጥራ ነበር፣ እኔ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ካልተቀመጥን አልኳት፣ ምክንያቱም ደሙ ውስጥ ለውስጥ መፍሰሱን ከቀጠለ ደንገጎን እየወጣን ነው የሚያፍናት፣ እዛ ዳገት ላይ ደግሞ ማን ይደርስልናል።

አንገት እያየኸው እያበጠ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ ወይ ድምፅ ከተቀየረ፣ እስከ ነገ እንይ የሚባል ነገር የለም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ዘግይቶም ይመጣል። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደም የመርጋቱን ነገር ስለሚያበላሹ ይቅሩ።

አክስቴ በማግስቱ አንገቷ ጠቁሮ ነበር፣ ከዛ ወደ ደረቷ ወርዶ ቢጫ ሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ ደነገጠ። እሱ እንኳን ምንም አይደለም፣ ደሙ በቆዳ ስር እየወረደ እየጠፋ ነው። የሚያናድደው ሌላ ነበር፣ ናሙናው ደም በዝቶበት ሴሉ በቂ ስላልሆነ አልተነበበም፣ ይደገም ተባለ። እሷ ይደገም ሲባል በቃ ካንሰር አገኙብኝ ብላ እንቅልፍ አጣች፣ ናሙናው ስላልበቃ ብቻ ነው ብሎ የሚያስረዳት ሰው ግን አልነበረም። ሁለተኛው ጊዜ ተነበበ፣ ተራ እንቅርት ነው ተባለ።