ይህ ውሃ የት ነው የሚሄደው?

ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በእግር ስንወርድ የእህቴ ልጅ ድልድዩ ላይ ቆመ። የማታው ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል። «አጎቴ፣ ይህ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ።

ባህር የምለው መስሎት ነበር። ባህር ግን አይገባም። ቀበና ከአቃቂ ይቀላቀላል፤ አቃቂ ደግሞ አዋሽ ይገባል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ባህር አለማየቱ ሁሌም ሆዴን ያባባዋል።

ከዚያ ወደ እንጦጦ ጠቆምኩት። በእኛ በኩል የወረደው ዝናብ አዋሽ ይሆናል። ከተራራው ጀርባ የወረደው ግን ዓባይን ይዞ፣ ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ደመና የዘነበ ውሃ እኮ ነው!

ዝቋላም ድሮ እሳተ ገሞራ እንደነበረ ነገርኩት። አናቱ ላይ ያለው ሐይቅ የተኛው እሳቱ በወጣበት አፍ ውስጥ ነው። ዓይኑ ፈጠጠ። «አሁንም ይፈነዳል?» አለኝ። እሱስ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፋር ያለው ኤርታሌ ግን ዛሬም ሕያው ነው አልኩት።

ታክሲ እስክንይዝ ጥያቄው አላቆመም። ነገ ፒያሳ ወርጄ ትልቅ ካርታ እፈልግለታለሁ።