ቢሾፍቱ ከሪዞርት በላይ ናት

ዛሬ ከቤተሰብ ጋር ከቃሊቲ ተነስተን ቢሾፍቱ ዋልን። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት በሪዞርቶቿ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ከታች የወጣ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውሃ ሞልቷቸው ነው ዛሬ የምናያቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳየው ልቤ ራደ! ጨለለቃ ግን ሌላ ነው፤ ጥልቀት የሌለው፣ ከዝናቡ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ፣ የወፎች መዋያ።

ከተማዋ የጅቡቲ ባቡር መስመር ያለፈባት፣ የአየር ኃይላችን መቀመጫ ናት። በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለች፤ ዛሬም አባቴ የሚጠራት እንደዚያው ነው። ሆራ አርሰዲ ዳርቻ ደግሞ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ለኢሬቻ ምስጋና ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ የሐይቆቹ ዳር በአጥር እየተዘጋ ሲሄድ ዝም አንበል። ልጆቻችን ሳይከፍሉ ውሃው ዳር የሚቆሙበት ቦታ ሊኖር ይገባል።