አጋሬ ደብል ሲሉ፦ ከዜሮ ነጥብ ይልቅ 9 ነጥብ ያስቸግራል

ሰሞኑን ትንሽ ኮራ ብያለሁ። በብሪጅ፣ ሁለት ሁለት ሆነን በምንጫወተው የካርታ ጨዋታ፣ አጋሬ ቴክአውት ደብል (አጋርን «አንቺ ምረጪ» የሚል የጨረታ ቃል) ሲሉ መልሱን ሳልጨነቅ መስጠት ጀምሬያለሁ። ብሪጅ የምትማሩ ታውቁታላችሁ። ያቺ የደብል ምልክት፣ ቀይ ኤክስ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል ላብ ላብ ይለኝ ነበር።

ስለ መጀመሪያው ጊዜ ብዙ አላወራም። ነጥብ አቆጣጠሩን በአንድ ምሽት ትይዙታላችሁ። ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1፤ ሲደመር በካርታው ውስጥ 40 ነጥብ አለ። የካርታ ዓይነቶቹ ደረጃም ከባድ አይደለም፦ ከታች ክለብ፣ ከዚያ ዳይመንድ፣ ሃርት፣ ስፔድ፣ ከሁሉም በላይ ኖ ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚበልጥ ዓይነት ሳይኖር መጫወት። ኮንከር እየተጫወተ ላደገ ሰው ካርታ መያዝ ብርቅ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት ጨረታው ነው፤ ከ13ቱ ትሪክ (አራቱም ሰው አንድ አንድ ካርታ የሚጥልበት ዙር) ስንቱን እንደምትወስድ የምትጫረትበት፤ 1 ማለት 7 ትሪክ ነው። አንድም ካርታ ሳይጣል፣ በጥቂት የተፈቀዱ ቃላት ብቻ፣ እጅህን ለአጋርህ መንገር አለብህ።

ደብል ደግሞ ከእነዚያ ቃላት ሁሉ ተንኮለኛዋ ናት። ስሟ ተጋጣሚን መቅጣት ይመስላል። በመጀመሪያው ዙር፣ ተጋጣሚ 1 ሃርት ብሎ ሲከፍትና አጋሬ ደብል ሲሉ ግን መልእክቱ ሌላ ነው፦ «የመክፈቻ ጉልበት አለኝ፣ ሃርት ያነሰኝ ነኝ፣ የቀሩትን ሦስቱን ግን እደግፋለሁ፤ አንቺ ምረጪ።» ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 መርከብ ላይ ሆኖ የኮንትራት ብሪጅን የነጥብ ሥርዓት ሲያበጅ ይቺ ደብል ቀድማ ነበረች። የመጣችው ከእሱ በፊት ከነበረው ኦክሽን ብሪጅ ነው።

መልሱ ሦስት እርከን አለው። ከ0 እስከ 8 ነጥብ ካለኝ ጥሩውን ዓይነት በዝቅተኛው ደረጃ እላለሁ። ከ9 እስከ 11 ከሆነ አንድ ደረጃ እዘላለሁ፤ በ1 ስፔድ ፋንታ 2 ስፔድ። 12 እና ከዚያ በላይ ካለኝ ወይ በቀጥታ ጌም (ትልቅ ጉርሻ ያለው ጨረታ) ላይ እወጣለሁ፣ ወይ የተጋጣሚን ዓይነት ራሱን እጠራለሁ፤ 2 ሃርት ማለት ነው። እሱ ኩ ቢድ ነው። «ጨረታው ገና አላለቀም፣ እንዳይተዉት» ማለት ነው። ሃርት ላይ አስተማማኝ ማስቆሚያ (ተጋጣሚን የሚገታ ትልቅ ካርታ) ካለኝና ነጥቤ ከ6 እስከ 10 ከሆነ 1 ኖ ትራምፕም አለ።

ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው ዜሮውን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይህን እጅ ተመልከቱ፦ ስፔድ 7-5-3፣ ሃርት 9-8-6-4፣ ዳይመንድ 8-5-2፣ ክለብ ጃክ-7-3። አንዲት ነጥብ። ያለኝ ብቸኛ ባለ አራት ካርታ ደግሞ የተጋጣሚው ሃርት። በቀኜ ያለው ፓስ አለ፤ ተራው የኔ ነው። ፓስ ብል ተጋጣሚ 1 ሃርት በደብል ይጫወታል። ቨልነረብል (ጉርሻና ቅጣት የሚጨምርበት ሁኔታ) ባይሆን እንኳ ሁለት ትርፍ ትሪክ ከያዘ 360 ነጥብ ይወስዳል። ስለዚህ መልሱ 1 ስፔድ ነው፣ በሦስት ካርታ። ያስቀፍፋል፣ አውቃለሁ። ግን ርካሹ እሱ ነው። 1 ኖ ትራምፕ እንዳትሉ፤ የሌለ ጉልበት እንዳለ መናገር ነው።

ይኸው፣ ዜሮው በአንድ አንቀጽ አለቀ። ያቃተኝ ነገር 9 እና 10 ነጥብ ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ስክሪኑን ትቼ እውነተኛ ካርታ ገዝቼ መኝታ ቤቴ ምንጣፍ ላይ መለማመድ የጀመርኩ ጊዜ ነው የገባኝ። ዘዴው እንዲህ ነው። የአጋሬን እጅ ሆን ብዬ እሠራለሁ፦ ስፔድ ኤስ-ኩዊን-8-3፣ ሃርት 5 ብቻ፣ ዳይመንድ ኪንግ-ጃክ-7-4፣ ክለብ ኪንግ-10-6-2። 13 ነጥብ፣ ለደብል የተፈጠረ እጅ። ከዚያ ለከፋቹ አምስት ሃርትና 13 ነጥብ እሰጠዋለሁ። የቀሩትን 26 ካርታዎች በውዤ ለሁለት አድላለሁ፤ አንዱ የኔ፣ ሌላው በቀኜ ያለው ተጋጣሚ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩት። ከ40 ላይ 26 ሲነሣ 14 ይቀራል። በቀኝ ያለው ሰው 6 ወይም ከዚያ በላይ ቢኖረው ብዙ ጊዜ ዝም አይልም፤ አንድ ነገር ይላል፣ 10 ካለው ሪደብል (በደብል ላይ ደብል) ያደርጋል። ፓስ አለ ማለት አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም ከዚያ በታች ነው ያለው። ከ14 ላይ 5 አንሡ። ለኔ ቢያንስ 9 ተረፈኝ! ባዶ እጅ የሚመጣው ከፋቹ ወይም አጋሬ ከበድ ያለ ነገር ሲይዙ ነው። ሁለቱ ተራ እጅ ከያዙ ግን የቀኙ ሰው ፓስ ራሱ «ነጥቡ አንቺ ጋ ነው» እያለኝ ነው።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ስፔድ ኪንግ-ኩዊን-7-4፣ ሃርት 8-3፣ ዳይመንድ ኤስ-10-6-2፣ ክለብ 9-7-5 ይዘን በለሆሳስ «1 ስፔድ» እንላለን። ያቺው 1 ስፔድ እኮ ከላይ በአንዲት ነጥብ ያልናት ናት። አጋራችን በምን ይለያት? 16 ነጥብ ይዞ እያለ ፓስ ይላል፤ ጌሙ ሜዳ ላይ ይቀራል። 2 ስፔድ በሉ። ዝላዩ ግብዣ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አጋር እጁ ቀላል ከሆነ ይተወዋል።

ለዚህ ነው የመልስ ሠንጠረዥ መሸምደድን የማልወደው። ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ግን 9 ነጥብ ምን ያህል እንደሚያዘወትር አይነግራችሁም። ካርታውን በእጅ ማደል ይነግራችኋል። አፕሊኬሽን ላይ ከሮቦት ጋር መጫወትም ደስ ይላል፤ ለጨረታ ልምምድ ግን የሠፈር ሱቅ ካርታ ይበልጥብኛል። ጆከሮቹን ማውጣት እንዳትረሱ።

አጋሬ ጋሼ ናቸው። እሳቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ አዲስ አበባ። እሳቸው ከምሳ በኋላ ሲቀመጡ እኔ ጋ መሽቷል። ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን በሚባለው የብሪጅ ድረ ገጽ ላይ እንገናኝና ጎን ለጎን በስልክ እንጨቃጨቃለን፤ ከጨዋታው በኋላ ነው ታዲያ። እሳቸው ደብል ካሉ በኋላ 1 ስፔድ ስላቸው ሁሌ 2 ስፔድ ብለው ያሳድጋሉ። በ13 ነጥብ!

«ስሚ ልጄ፣ ስፔድ አራት አለኝ እኮ።»

«ጋሼ፣ እሱን ደብል ሲሉ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ዝም ልል ነው?»

አዎ፣ ዝም ይበሉ። ደብል ያለ ሰው ከ12 እስከ 15 ነጥብ ከያዘ እጁን ተናግሮ ጨርሷል። ማሳደግ ያለበት ከ16 ሲጀምር ነው። ይሄን ካልጠበቀ እኔም ባዶ እጄን ይዤ 1 ስፔድ ለማለት እፈራለሁ፤ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ለሳቸው እንዲህ ጠንከር ብዬ አልነገርኳቸውም። እዚህ ነው የጻፍኩት።

ፓስ ማለት የሚቻልበት አንድ ሁኔታ አለ፤ የተጋጣሚው ዓይነት ረጅምና ተከታታይ ሆኖ እናንተ ጋ ሲገኝ። ሃርት ኪንግ-ጃክ-10-9-8 ዓይነት ነገር። አምስት ትንንሽ ሃርት ግን አይበቃም። ከፋቹ ከእናንተ በኋላ ነው የሚጥለው፤ ኤስ-ኩዊን ቢኖራችሁ እንኳ ከላያችሁ ላይ ይቀመጣል። ካርታው ተያይዞ የመጣ ከሆነ ብቻ ፓስ በሉ፤ አጋራችሁም በሃርት ይጀምርላችሁ።

የቀኙ ተጋጣሚ 2 ሃርት ብሎ ሲገባ ግዴታው ይነሣላችኋል። ባዶ ከሆናችሁ በሰላም ፓስ በሉ። 7 ወይም 8 ነጥብ ካለ ተናገሩ። ሪስፖንሲቭ ደብልና ሌበንሶል የሚባሉትን የጨረታ ዘዴዎች ገና አልነካኋቸውም፤ ሌበንሶልን አንድ ሁለቴ አንብቤ ዘግቼዋለሁ። ማስታወሻ ያላችሁ ላኩልኝ።

ጋሼና እኔ ያልተስማማንበት እጅ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ስፔድ ኪንግ-ጃክ-9-6-4፣ ሃርት 7-2፣ ዳይመንድ ኤስ-8-5፣ ክለብ 10-6-3። 8 ነጥብ፣ አምስት ስፔድ። 1 ሃርት፣ ደብል፣ ፓስ፤ ተራው የናንተ ነው። እኔ 2 ስፔድ እዘላለሁ፤ አምስተኛዋ ስፔድ ዘጠነኛዋ ነጥብ ናት ባይ ነኝ። ጋሼ 1 ስፔድ ብቻ ይላሉ። እናንተስ?