ከቧሂት ያወረዱኝ ሰዎች

ይህን የምጽፈው ደባርቅ ሆኜ፣ እግሬን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው።

ጠዋት በሰሜን ተራሮች ከጨነቅ ካምፕ ወደ ቧሂት ተራራ ስንነሳ ጉረኛው እኔ ነበርኩ። ጨነቅ ራሱ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ቧሂት ደግሞ ከ4,400 ያልፋል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ከፍታ የሚያሸንፈኝ አልመሰለኝም። መንገዱን ሳናጋምስ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ ቁርሴም ተመልሶ ወጣ። "ትንሽ ልረፍና እቀጥላለሁ" አልኩ። አስጎብኚያችን አልተከራከረኝም። "እስቲ እስከዚያ ድንጋይ ቀጥ ብለህ ሂድ" አለኝ። እንደ ሰካራም ተንገዳገድኩ።

"በቃ ወንድሜ፣ እንውረድ። የዚህ መድኃኒቱ መውረድ ብቻ ነው።"

ስካውቱ፣ ማለትም አብረውን የሚጓዙት የታጠቁ ጠባቂ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። (ትናንት "ለሽርሽር ጠመንጃ ምን ይሠራል?" ብዬ በክፍያቸው ያጉረመረምኩት እኔው ነኝ።) በአንድ ትከሻ ጠመንጃቸውን፣ በሌላው የእኔን ቦርሳ አንግተው፣ በኮንጎ ጫማ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ወረዱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ደረቡልኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ይበርድዎታል!"

"እኔን? ብርዱ ያውቀኛል" ብለው ሳቁ።

ሄሊኮፕተር በፊልም ነው ያየሁት። የእኔ አምቡላንስ በቅሎ ነበረች፤ ነጂው ልጅ ከታች እየሮጠ ይዟት መጣ። ጨነቅ ስንደርስ ራሴ ቀለል አለኝ።

ጋቢው እኔ ጋ ቀርቷል። ነገ በጠዋት ሌሎች እንግዶች ይዘው ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት ላደርስላቸው ይገባል።