ለማያውቁት ሰው የሚጻፍ መልእክት

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ሊንክድኢን በተባለው የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ ላይ የራሴን ገጽ ከፍቼ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለ40 የማላውቃቸው ሰዎች ተመሳሳይ መልእክት ላክሁ። «ጤና ይስጥልኝ፤ ተመራቂ ተማሪ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ እንዲተባበሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚል ነበር። መልስ የሰጡኝ 2 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የመሥሪያ ቤታቸውን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ጠቁመውኝ በዚያው ተለያየን። የቀሩት ሰዎች ዝምታ በጊዜው በጣም አሳዝኖኝ ነበር። አሁን ሥራ ይዤ እንዲህ ያሉ መልእክቶች ለእኔም ስለሚደርሱኝ፣ ዝምታው ከክፋት የመጣ እንዳልነበረ ተረድቻለሁ። መልእክቱ ስለ ላኪው የሚናገረው ነገር ስለሌለ፣ ተቀባዩ ሊረዳ ቢፈልግ እንኳ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ ሥራውን ያላየለትን ሰውም ለአለቃው አፉን ሞልቶ ሊመሰክርለት አይችልም።

የተሻለውን መንገድ ያመላከተኝ በክፍል ውስጥ የተማርሁት አንድ ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ስለ አዲስ ሥራ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከቅርብ ወዳጆቻቸው ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያገኟቸው ሰዎች እንደሆነ አሳይቷል። የቅርብ ጓደኛሞች አብረው ስለሚውሉ የሚሰሙት ወሬም አንድ ነው፤ እኔ ያልሰማሁትን ክፍት ቦታ የክፍል ጓደኛዬም አልሰማውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ከ20 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ ለ5 ዓመታት በተካሄደ ሙከራ ፈትኖ፣ ወደ አዲስ ሥራ ለመሻገር ይበልጥ የሚረዱት በጣም የቀረቡትም ሆነ ጨርሶ የራቁት ሳይሆኑ በመካከል ያሉት ትውውቆች መሆናቸውን አግኝቷል።

ለአንድ ተማሪ ይህ በመካከል ያለ ሰው ማለት፣ በእኔ እምነት፣ በዚያው ትምህርት ክፍል ተምሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ ባለሙያ ነው። መምህራኑ የእኛው መምህራን ነበሩ፤ ሥራ ፍለጋ ምን እንደሚመስልም ገና አልረሳም። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለማግኘት ሊንክድኢን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፍቶ የቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ መግባት ይበቃል፤ በተማሩት ትምህርት፣ በሚሠሩበት ድርጅትና በሥራ ዘርፍ እየለዩ መመልከት ይቻላል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል ሳያዩት ይመረቃሉ፤ እኔንም የሚቆጨኝ ዘግይቼ ማግኘቴ ነው።

ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንዲት የመረጃ ትንተና ባለሙያ መርጬ፣ ገጿን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ጨረስሁ። ሊንክድኢን ላይ ለመተዋወቅ ከሚላከው የግንኙነት ጥያቄ ጋር የሚያያዘው ማስታወሻ ጠባብ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የአንድ ትምህርት ክፍል ልጆች መሆናችንን ብቻ ገለጽሁ። ጥያቄዬን ከተቀበለች በኋላ እንዲህ ስል ጻፍሁላት፦ «በገጽዎ ላይ ስለ ደንበኞች መጠይቅ ትንተና የጻፉትን አነበብሁ። እኔም ለመመረቂያ ጥናቴ 300 መጠይቆች በትኜ ሩብ ያህሉ ሳይሟሉ ተመልሰውልኛል። ያልተሟሉትን ከነአካቴው ማስወጣት ይሻላል ወይስ የተመለሱትን ጥያቄዎች ብቻ ይዞ መሥራት?» መልሱ የመጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መጠይቁን ሳያሟሉ የተዉት ሰዎች በዕድሜም በገቢም ካሟሉት ጋር ይመሳሰሉ እንደሆነ እንዳጣራ መከረችኝ፤ ካልተመሳሰሉ እነሱን ማስወጣት ውጤቱን ያዛባዋልና። ባጣራ ጊዜ ጥያቄዎቹን ዘለው ያለፉት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉት ሆነው ተገኙ። ያንን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከምስጋና ጋር ላክሁላት። ስለ ሥራ አንድ ቃል ሳንነጋገር፣ እንዴት እንደምሠራ አየች።

ከአራት ወራት በኋላ በመሥሪያ ቤቷ የተግባር ልምምድ ተማሪ እንደሚፈለግ የነገረችኝ እሷ ናት። ማመልከቻዬን እንደማንኛውም አመልካች አስገብቼ ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን ወስጃለሁ፤ እሷ ያደረገችልኝ ሥራዬን እንዳየችው ለኃላፊው መናገር ነው። ይህን ለይቼ የምጽፈው፣ ትውውቅ ማለት በጓሮ በር መግባት የሚመስላቸው ተማሪዎች ስላሉና በዚህ ምክንያት ለማንም ሳይጽፉ የሚቀሩ ጎበዝ ልጆች ስለማውቅ ነው። ችሎታቸው ሳይታይ መቅረቱ ከልብ ያሳዝነኛል።

እርግጥ ነው፣ መልእክት የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የላኪውን ገጽ መክፈት ነው። ከስም በታች ያለው መስመር 220 ፊደላት ይይዛል፤ ተማሪው ካልቀየረው ግን ተማሪ መሆኑንና የተቋሙን ስም ከመግለጽ አያልፍም። በዚያ ቦታ ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እየፈለገ እንደሆነ ቢጽፍ ይሻላል። «የሥራ ልምድ የለኝም» የሚል ተማሪም ቢሆን የክፍል ፕሮጀክት፣ የመመረቂያ ጥናት፣ በክበብ ውስጥ የያዘው የሒሳብ መዝገብ ይኖረዋል፤ እነዚህን በቁጥርና በውጤት ገልጾ፣ ከተቻለ ሥራውን ራሱን አያይዞ ማስቀመጥ ይገባል። ፎቶው ፊትን በግልጽ ካሳየ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ሥራ ፈላጊ መሆን በግልጽ በሚታይበት ቦታ አጭበርባሪም አይጠፋም። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመሣሪያ በሚል ከቅጥር በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ ሥራ የሚሰጥ ሰው፣ ገና በሁለተኛው መልእክት የመታወቂያና የባንክ መረጃ የሚፈልግ ሰው ቀጣሪ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ይዞ በራሱ ድረ ገጽ በኩል ማስታወቂያው መኖሩን ማጣራት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የተግባር ልምምዱ ወደ ቋሚ ቅጥር ከተለወጠ በኋላ፣ ለዚያ የመጀመሪያ መልእክቴ መልስ ሰጥተውኝ ሳላመሰግናቸው ለቀሩት ሁለት ሰዎች ጻፍሁላቸው። አንደኛው በዚያው ቀን «እንኳን ደስ አለዎት» ካሉኝ በኋላ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ እስከ ዛሬም ስለ ሥራችን እንጻጻፋለን።