ከሙዝ ጋር ያደረው ቀንበጥ

የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም የአንዱ ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ሥር ላይ የተቀጠለበት፣ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚከሰሰው እጅ ነው። «እጁ ለተክል አይሆንም»፣ «ቢላዋውን አልሳለም»፣ «ሲያስር አላጠበቀም» ይባላል። ቀንበጡ ከእናት ዛፉ ተቆርጦ ቢላዋው ሥር እስኪደርስ የት እንደ ከረመ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ ጋ አንድ ሰው ጠየቁ። ባይጠይቁ ኖሮ አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ ባልሠራችው ጥፋት እንጀራዋን ታጣ ነበር።

የምሠራው ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አነስተኛ የግል ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ችግኝ ሲገባ፣ ሲወጣና ሲሞት እጽፋለሁ። አካባቢው ለአፕል የተመቸ ነው። ደሴ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ደግሞ ከእርሷ ከፍ ብለን ነው ያለነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገበሬውን የሚያስጨንቀው ውርጭ አፕሉን ደስ ያሰኘዋል፤ በቂ ብርድ ያላገኘ እምቡጥ ከእንቅልፉ በቅጡ አይነቃምና። ሆኖም የአውሮፓ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ ከ800 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ያን ያህሉን ከወሎ ደጋም መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ የምናባዛው ብርድ ብዙ የማይጠይቁትን ነው፦ ከእስራኤል የወጣችውን አናን እና በባሃማስ ደሴቶች የተገኘችውን ዶርሴት ጎልደንን። ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ነው የሚተከሉት። አና ብቻዋን ስትሆን አበባዋ በአብዛኛው ይረግፋል፤ ንብ ከዶርሴት አበባ ዱቄት ስታመጣላት ነው አጥጋቢ ፍሬ የምትይዘው።

ከአፕል ፍሬ ውስጥ ዘር አውጥቶ ቢተክሉት የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ይህን ለገዢ ማስረዳት ከሥራችን ሁሉ ያስቸግራል፤ ከሱቅ የገዛውን አፕል በልቶ ፍሬዋን ቆርቆሮ ውስጥ ያበቀለ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። የምናዳቅለው ለዚህ ነው። ሥሩን የሚሰጠው ኤምኤም 106 የሚባል፣ እንግሊዝ አገር ለዚሁ ተብሎ የወጣ ሥረ ግንድ ነው፤ የዛፉን ቁመት ይገታል፣ ሥሩንም ሱፋማው የአፕል ክሽክሽ ከሚባለው ተባይ ይጠብቃል። ፍሬውን የሚሰጠው ደግሞ ከላይ የሚቀጠለው ቀንበጥ ነው።

ቀንበጡን የምንቆርጠው ከአንዲት እናት ጓሮ ነው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አፕል በሚሲዮናውያን እጅ ገብቶ ከተስፋፋበት ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ድረስ ሄደው ያመጧቸው ዛፎች ዛሬም ከቤታቸው ጀርባ ያፈራሉ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ዛፎቻቸውን ግን በክር ለይተዋቸዋል፦ አናው ላይ ቀይ፣ ዶርሴቱ ላይ ቢጫ። እኛ ባለሙያ ነን ባዮቹ በእስክሪብቶ የምንጽፈው ምልክት በአንድ ዝናብ ይታጠባል፤ የእማማ ክር እስካሁን አላሳሳተንም።

የቆረጣው ወቅት ጥር ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ያላራገፈውን በእጅ እናራግፍለታለን። የሚመረጠው ባለፈው ዓመት ያደገ፣ እርሳስ የሚያክል፣ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ቅርንጫፍ ነው። ከግንዱ ላይ ሽቅብ የተወነጨፈው ለምለም ቀንበጥ ለዓይን ያምራል እንጂ አይሆንም፤ እምቡጦቹ ይራራቃሉ፣ እንጨቱም አልጠናም። ጫፉና ግርጌው ይጣላል፣ መሃሉ ይወሰዳል። ከዚያ በእርጥብ ጋዜጣ ይጠቀለልና እርጥብ ሰጋቱራ ባለበት ፌስታል ውስጥ ገብቶ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ፍሪጁ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ማዳቀል የሚሳካው ሥረ ግንዱ ነቅቶ፣ ቀንበጡ ግን ገና ተኝቶ ሲገናኙ ስለሆነ ነው። ቀንበጡ ቀድሞ ከነቃ ሥር ሳይኖረው ቅጠል አውጥቶ ባዶውን ይቀራል።

በዚያ ዓመት በግንቡ ጥግ ያለው መደብ የጠዋት ፀሐይ ስለሚያገኝ ቀድሞ ነቅቶ ነበር። ያንን መደብ በቆረጣው ዕለት አዳቀሉት። ሌሎቹ መደቦች እስከ የካቲት ይቆዩ ተባለ፤ የቀረው ቀንበጥም ፍሪጅ ገባ።

በመካከል እንግዶች ለጉብኝት ይመጣሉ የሚል ወሬ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ለመስተንግዶ አልሰነፉም፤ ሾፌሩን የሀረጎን ጠመዝማዛ አስወርደው ከኮምቦልቻ የበሰለ ሙዝና አቮካዶ በካርቶን አስመጡ። ጣቢያው ያለው ፍሪጅ አንድ ነው። ቀንበጡ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ተገፋ፣ ፍራፍሬው ከላይ ተደረደረ። የፌስታሎቹ አፍ እንዳይሻግት ተብሎ ላላ ተደርጎ ነበር የታሰረው። ጉብኝቱ ተራዘመ። ሙዙ ግን መብሰሉን አላራዘመም።

የካቲት ላይ የበልጉ ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ሥራው ተጀመረ። የሚያዳቅሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ ናቸው። ሁለተኛዋ ከግብርና ኮሌጅ በቅርቡ የተመረቀች ልጅ ናት። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ሥረ ግንዱንም ቀንበጡንም ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ መሸለት፣ በሁለቱም ላይ ምላስ ማውጣት፣ ምላስ ለምላስ ማቆላለፍ፣ በፕላስቲክ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ የቀንበጡን ጫፍ በቀለጠ ሰም መድፈን። ዋናው ነገር ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ቢያንስ በአንድ ወገን በትክክል መገናኘቱ ነው፤ ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጅቷ ፈጣን አልነበረችም፤ ሽልቷ ግን አንድ ወጥ ነው፣ ቢላዋዋ ሁለተኛ አይመለስም።

መጋቢት ገባ፣ አለፈም። የካቲት ላይ በተዳቀሉት መደቦች ላይ ቅጠል የለም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት ሲዞሩ ለበሩ ቅርብ የሆነው የልጅቷ መደብ ነበር። የደረቀውን አንድ በአንድ እየነካኩ ሄዱና «ዲፕሎማ ቢላዋ አያስይዝም» አሏት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ሪፖርቱን እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ ምክንያቱም አብሮ ተነገረኝ፦ «የባለሙያ ክህሎት ማነስ»። የሙከራ ጊዜዋ ገና አላለቀም ነበርና የዚያች ዓረፍተ ነገር ትርጉም ለሁላችንም ግልጽ ነው። ልጅቷ አልተከራከረችም። እንዲህ ያለ ክስ መከራከሪያ የለውም፤ የሠራኸው ደርቆ ፊትህ ቆሟል።

ጋሼ ነጠላቸውን አስተካክለው «የእኔንስ መደብ አያችሁት?» አሉ።

ማንም አላየውም ነበር። የእርሳቸው መደብ ደርቋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው በጣቢያው ውስጥ አልነበረም። ሄደን ስናይ እንደ ልጅቷ መደብ ባዶ ነው። ይህን እርሳቸው አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አይጠይቃቸውም። በአንድ ሰው ላይ የምፈርደው በዕውቀቱ ብዛት ሳይሆን እንዲህ ባለች ደቂቃ በሚናገረው ነው።

ጋሼ ከልጅቷ መደብ አንዱን ነቀሉና ፕላስቲኩን ፈቱት። መጋጠሚያውን በምላጭ ለሁለት ሲከፍሉት ሁላችንም አየን፦ ቁስሉ ጠግጓል። በሁለቱ እንጨቶች መካከል ነጭ ለስላሳ አካል ሞልቶ ተያይዘዋል። ቅርፊቱን ጫር ሲያደርጉትም ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ቀጥለው እምቡጡን ራሱን ከላይ ወደ ታች ሰነጠቁት። ጤነኛ እምቡጥ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ይኼ እስከ እምብርቱ ቡናማ ሆኗል። ሌላ ሰነጠቁ፣ ያው። ከራሳቸው መደብ ሰነጠቁ፣ ያው።

«የልጅቷ እጅ ሥራውን ጨርሷል» አሉ። «እንጨቱ ገጥሟል። የሞተው እምቡጡ ነው፤ እርሱ ደግሞ የሞተው እኛ ሳንነካው ነው።» ወደ እኔ ዞረው «መዝገብህን አምጣ እስቲ፤ ይህ ቀንበጥ ከእማማ ጓሮ ወጥቶ የት አደረ?» አሉኝ።

መዝገቡ የተቆረጠበት ቀን አለው፣ የተዳቀለበት ቀን አለው። በመካከል ምንም የለም፤ ቅጹ ሲታተም እንዲህ ያለ ዓምድ አልተሰጠውም። አንድ ነገር ግን ተገኘ። በግንቡ ጥግ ያለው መደብ በቆረጣው ዕለት የተዳቀለ ነው፤ ግማሹን ጋሼ፣ ግማሹን ልጅቷ ሠርተውታል። ሄደን አየነው። የሁለቱም ወገን ለምልሟል። ያው ዛፍ፣ ያው ቢላዋ፣ ያው እጅ፤ ልዩነቱ ፍሪጅ ውስጥ መክረም ብቻ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛው ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ፍሪጁ ውስጥ እኮ የእንግዶቹ ሙዝ ነበር» አለ። እንዴት ሊያስታውስ እንደ ቻለ ሲጠየቅ ትንሽ አመነታ፤ በመጨረሻ የጨረሰው እርሱ ኖሯል።

ፍሬ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ለዓይንም አይታይም። ሙዝና አቮካዶ ብዙ ከሚያወጡት ውስጥ ናቸው፣ አፕል ራሱም እንዲሁ። በተዘጋ ፍሪጅ ውስጥ ሲጠራቀም የተኛውን እምቡጥ ይጎዳል፣ ይገድላልም። ቅርፊቱ ግን ለጊዜው አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቆይ ጫር አድርጎ ያየ ሰው ደህና ነው ብሎ ያዳቅላል። ጋሼ ይህንን ሲያስረዱ ሥራ አስኪያጁ «ሙዝ እንጨት ገደለ ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?» ብለው ሳቁ።

ሌላ ቀንበጥ ለመለመን እማማ ዘንድ ሄድን። ጊዜው አልፎ ነበር፤ ዛፎቻቸው አብበዋል። ቡናው እስኪፈላ የሆነውን ነገርናቸው። እማማ በደጉ ዘመን ደሴ ሰኞ ገበያ ፍራፍሬ ሲነግዱ የኖሩ ናቸውና ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «አንድ የበሰለ ሙዝ ካርቶን ውስጥ ከገባ ጥሬው ሁሉ ቶሎ ይበስልብኝ ነበር። የበሰለ ፍሬ አጠገቡ ያለውን አያስተኛም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ስኒውን እያቀበሏት «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ሥሩ አልሞተብሽም አይደል?» አሏት። ሥራ አስኪያጁ አብረውን ነበሩ። ከጋሼ ማብራሪያ ይልቅ ይህ የገበያ ወሬ አሳመናቸው፤ ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ሥሩ በእርግጥ አልሞተም። ሥረ ግንዶቹ ይነቀሉ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ጋሼ አስቀሩት። የሞተው ቀንበጥ ተቆርጦ ተጣለ፣ ከሥረ ግንዱ ከወጡት ቡቃያዎች አንድ ብቻ እየተተወ ክረምቱን አደገ። መስከረም ላይ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚላጥበት ጊዜ ስለሆነ እምቡጥ መሰካት ይቻላል። ከእማማ ዛፎች የዚያው ዓመት ቅርንጫፍ ተቆረጠ፤ ቅጠሉ ተመልምሎ የቅጠሉ ጭራ ብቻ ተተወ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣና በዚያው ዕለት ተሠራበት። ፍሪጅ አልተከፈተም። ሥረ ግንዱ ላይ ቅርፊቱ አንድ ጊዜ በአግድም፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይሰነጠቃል፤ ከስስ ቅርፊት ጋር የተላጠው አንድ እምቡጥ እንደ ደብዳቤ ወደ ውስጥ ይገባና ዓይኑ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ይታሰራል። የጋሼ ዓይን ለዚህ ስለደከመ አብዛኛውን የሠራችው ልጅቷ ናት። መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው፦ የቀረችው የቅጠል ጭራ ስትነካ ከረገፈች እምቡጡ ይዟል፤ ደርቃ ከተጣበቀች ሞቷል። እኔ መዝገቤን ይዤ ከኋላዋ ስሄድ ጭራዎቹ በጣቷ ጫፍ እየረገፉ ነበር።

ጣቢያው በዚህ ሁሉ የአንድ ዓመት ሽያጭ አጣ፤ ቀብድ ከፍለው የነበሩ ሰዎችም በየተራ መጥተው ተቆጥተው ሄደዋል። ሪፖርቱ ላይ «የባለሙያ ክህሎት ማነስ» የሚለው ተሰርዞ «የማከማቻ ችግር» ተብሎ ተተካ። ሙዝ የሚል ቃል የለበትም። መዝገቤ ላይ በማስመሪያ «ያደረበት ቦታ» የሚል ዓምድ አሰመርኩ፤ ለዚያ ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን ይቅርታ አልጠየቋትም። የፍሪጁን ቁልፍ ግን ሰጧት። አሁን የውኃ ጠርሙሳቸውን እንኳ የሚያስገቡት እርሷን አስፈቅደው ነው። አንድ ቀን ብርቱካን ይዘው ቢመጡ መለሰቻቸው። ብርቱካን የሚያወጣው ጋዝ ከሙዝና ከአቮካዶ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት መሆኑን ጋሼ ቢነግሯትም አልሰማችም።