ዓሣ ነባሪና አምስት ብር

አላስካ የምሄደው እኔ አይደለሁም። ይሄ ከሁሉ በፊት ይታወቅልኝ። እኔ የምሄደው ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ነው። እሱም ታክሲ ከተገኘ።

አላስካ የምትሄደው ሲያትል ያለችው እህቴ ናት። ከባሏ፣ ከልጆቿና ከእማዬ ጋር። ከሲያትል ተነስታ ሰባት ሌሊት ባሕር ላይ ቆይታ የምትመለስ መርከብ አለች። ጠዋት ማታ ምግብ ነው፣ ማንሳት ያንተ ፋንታ ነው ይላሉ። እማዬ ይሄን ስትሰማ «ፍልሰታ ሳይፈታ እግሬን አላነሳም» አለች። ስለዚህ ጉዞው ከነሐሴ 16 በኋላ እንዲሆን ተደረገ። እስከዚህ ድረስ እኔን የሚመለከት ነገር አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ጁኖ ላይ ነው። ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ናት። መርከቧ እዚያ ስትቆም ሰው ወርዶ በጀልባ ዓሣ ነባሪ ሊያይ ይሄዳል። ክፍያው ለብቻው ነው። ሽርሽሩ አንድ ዓይነት ብቻ ቢሆን ሁላችንም በሰላም እንኖር ነበር። ግን ብዙ ሰው የምትይዝ ትልቅ ጀልባ አለች። ጥቂት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ አለች። ዓሣ ነባሪውን አሳይቶ ሜንደንሆል የሚባለውን የበረዶ ግግር የሚያስጎበኝም አለ። የእህቴ ባል አዲስ ካሜራ ስለገዛ ትንሿን ጀልባ ፈለገ። ልጆቹ በረዶውን ፈለጉ። እህቴ ሰላም ፈለገች። እማዬ የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ሽንት ቤት።

ቤተሰባችን ውስጥ ነገር ሲወሳሰብ የሚደወለው ለእኔ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ስለ ዓሣ ነባሪም አያጣም ብለው ያምናሉ። እኔም ላለማሳፈር ብዬ ሌሊቱን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሳነብ ነው ያደርኩት።

ስልኩ የተደወለው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እነሱ ጋ ማታ 3 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። እኔ ሰልፉን ጨርሼ፣ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ በግማሽ ጎኔ ተቀምጫለሁ። የስልኬ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል። በስፒከር ካልሆነ አይሰማም።

«ዛሬ ማታ ካልያዝን ቦታው ያልቃል። እማዬን አንተ አናግራት፣ እኔ ደክሞኛል» አለች እህቴ።

እማዬ ጆሮዋ እየከዳት ነው። መጮህ ግድ ነው።

«እማዬ! ትልቋ ጀልባ ሽንት ቤት አላት!»

ታክሲው ጸጥ አለ።

«ምን አላት?»

«ሽንት ቤት! ሽንት ቤት አላት! የሌላት ትንሿ ናት!»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ቢውጠንስ? ዮናስን ውጦት የለ?»

«አይውጥም እማዬ! ጉሮሮው ጠባብ ነው! የሚበላው ትንንሽ ዓሣ ነው!»

ኋላ ወንበር ላይ ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል። «ዮናስን ግን ውጦታል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን በደፈናው። አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ «እሱማ በፈጣሪ ትእዛዝ ነው ማዘር» አለ። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የቤተሰባችን መሆኑ ቀረ።

ዘንቢል ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ሴትዮ «ስንት ነው የሚያስከፍሉት?» አሉኝ። ለአንድ ሰው 200 ዶላር ገደማ ነው አልኩ። ከፊት የተቀመጠ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መታው። ዶላር በገበያ ከተባለ ወዲህ ሁሉም ሰው ምንዛሪ አዋቂ ሆኗል። «ከ25 ሺህ ብር በላይ!» አለ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ።

«ምን ያህላል ግን?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩትን የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ ማለት ነው። ደስ አለኝ እንጂ አልተሳቀቅኩም። እዚያ የሚታየው ሃምፕባክ የሚባለው ነው አልኩ። እስከ 15 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከ30 ቶን በላይ ይመዝናል። በብርዱ ወራት ሃዋይ ሄዶ ይወልዳል፣ በሙቀቱ ወራት አላስካ መጥቶ ሲበላ ይከርማል።

«15 ሜትር ከሆነ ቃሊቲ ላይ አይታጠፍም» አለ ሹፌሩ።

«ቅርብ ነው የሚታየው?» አለ ሙሉ ልብሱ።

«ሕጉ ጀልባዋ ከ100 ያርድ በላይ እንዳትጠጋ ይከለክላል። ዘጠና ሜትር ምናምን ማለት ነው።»

«በዘጠና ሜትር ምን ይታያል?»

«ጭራው።»

«25 ሺህ ለጭራ?»

ጭራ ዝም ብሎ ጭራ እንዳልሆነ አስረዳሁ። የጭራው የውስጥ በኩል ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር አለው። የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አጥኚዎች እገሌ መጣ፣ እገሌ ቀረ የሚሉት በሱ ነው።

«ታርጋው ነዋ!» አለ ሹፌሩ።

እማዬ አሁንም ስልኩ ላይ ናት። ሁሉንም ትሰማለች፣ ወይም የሰማች ይመስላታል። «ማነው የሚያወራው?» ትላለች። ነጠላ ያጣፉት እናት ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ካልመጣስ በሏቸው? ገንዘቡ ይቀራል?» አሉ። እኔም የማውቀውን ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ዓሣ ነባሪ ካልታየ ከከፈሉት ላይ ይመልሳሉ አልኩ።

«መልስ ይሰጣሉ?» አለ ረዳቱ። እስከዚያ ድረስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲጣራ ነበር። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ። አስተያየቱ ደስ አላለኝም።

ለእህቴ የመጨረሻውን ምክር ሰጠኋት። ከመርከቧ ድርጅት ግዙ አልኳት። የእነሱን ሽርሽር ከገዛችሁ፣ ጀልባዋ ብትዘገይ እንኳን መርከቧ ትጠብቃችኋለች። በራሳችሁ ከገዛችሁ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ጥላችሁ ትሄዳለች። ጁኖን ደግሞ ከሌላ ከተማ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው የሚወጣው።

«ሞልታ ከሆነ ምን አድርጊ ነው የምትላት?» አለ ረዳቱ፣ ለመርከቧ ወግኖ።

አቃቂን ስናልፍ ታክሲው በአብዛኛው ለትልቋ ጀልባ ወስኖ ነበር። ሙሉ ልብሱ ብቻ ካሜራ ካለ ትንሿ ትሻላለች ብሎ ተለየ። «ትልቋን ያዙ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ለዚያች ቅጽበት ታክሲ ውስጥ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ዘንቢሏ እንኳን ጉልበቴ ላይ መጫኗን አቆመች።

ሳሪስ አቦ ደረስን።

ሂሳብ የከፈልኩት ስልኩ ከመደወሉ በፊት ነው። አምስት ብር መልስ አለኝ።

«ወራጅ አለ! አምስት ብር መልሴን።»

«ዝርዝር የለም ወንድሜ።»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ይሄን «ዝርዝር የለም» የሚሉትን ነገር ታውቁታላችሁ። ጠዋት የለም። ማታም የለም። ከሃያ ሰው ሲሰበስብ የዋለው አምስት ብር ሁሉ የት ነው የሚሄደው? ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ሠርቼዋለሁ። ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት፣ በወር 26 የሥራ ቀን ብንል 260 ብር ነው። በስምንት ዓመት ከ25 ሺህ ብር አርባ ብር ብቻ ይጎድላል። ይቺ «ዝርዝር የለም» የምትባል ነገር በስምንት ዓመት አንድ ሰው ጁኖ ድረስ ወስዳ ጭራ ታሳያለች። ሳሪስ ብሎ ጭኖ ቃሊቲ ላይ «እዚህ ነው የምቆመው» ብሎ የሚያራግፈውንማ አላነሳሁትም።

ስለዚህ በሩን ያዝኩ። «ዝርዝር የለም ብሎ ነገር የለም። ስጠኝ» አልኩት።

ረዳቱ አልመለሰልኝም። ወደ ውስጥ ዞሮ ለሕዝቡ ተናገረ።

«አያችሁ? ለዓሣ ነባሪ ጭራ 25 ሺህ የሚከፍል ሰው በአምስት ብር በር ይዞ ቆሟል!»

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። ነጠላ ያጣፉት እናት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሹፌሩ መሪውን መታ። እኔም ራሴን ለመከላከል ብዬ እስካሁን ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

«እኔ እኮ አይደለሁም የምሄደው!»

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ሙሉ ልብሱ በጣም በረጋ ድምፅ «ታዲያ ምን አስጮኸህ?» አለ።

ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ግን እሱም አልገደለኝም። የገደለችኝ የዘንቢሏ ሴትዮ ናቸው። መቀነታቸውን ፈቱ። ከውስጡ የተጠቀለለች አምስት ብር አወጡ። «እንካ ልጄ፣ በሥራ ሰዓት አትጣላ» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡና ጨብጥ አድርገው ዘጉልኝ። ልመልስ ስል ረዳቱ በሩን ወረወረው። ታክሲው ሄደ። ሳሪስ አቦ መንገድ ዳር፣ ክራባት አድርጌ፣ ምጽዋት ይዤ ቀረሁ።

ብሯን አየኋት። በ2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር የአምስት ብር ኖት ተረስታ እንደቀረች ታውቃላችሁ። አሥሩ፣ ሃምሳው፣ መቶው አዲስ ሆኑ። ሁለት መቶ ተወለደ። አምስት ብር ግን በያዘችው ልብስ ቀጠለች። የእኔዋ መሐሏ ተቀዶ በቢጫ ስኮች ተጣብቋል። ስኮቹ ላይ ደግሞ ሌላ ስኮች አለ። ቡና ለቃሚው ፊት የለውም። ጥግ ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «እወድሻለሁ» ብሎ ጽፎ ሰርዞታል። በርበሬ በርበሬ ትሸታለች።

ልገላገላት ፈለግኩ። ሻይ ጠጥቼ ሰጠሁ፣ አስተናጋጇ በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችልኝ። ሱቅ ለማስቲካ ሰጠሁ፣ ባለሱቁ «ይሄ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄደው» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለአንድ አባት ሰጠሁ፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «ሌላ የለህም?» አሉኝ። በመጨረሻ ባንክ ገብቼ ተራ ቁጥር ቆረጥኩ። ምሳ ሰዓቴ አለቀ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ «ስንት ነው የሚያስገቡት ጋሼ?» አለችኝ። ብሯን በመስኮቱ ስር ገፋሁላት። ብሯን አየች፣ ክራባቴን አየች። «ሌላስ?» አለች። «ይቺው ናት» አልኩ። አጠገቧ ያለውን ልጅ ጠራችው። እሱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ሦስት ሰው ቆሞ ስኮቹን መረመረ። ተቀበሉኝ። ደረሰኝም ሰጡኝ። ደረሰኙ ከብሯ ይበልጥ ነበር።

ነሐሴ አለቀ። እህቴ ደወለች። ጁኖ ሲደርሱ ዝናብ ነበር። ጀልባዋ ትልቋ ናት። መጀመሪያ አንድ ጭራ ታየ። ከዚያ በእድል የሚገኘው ነገር ተገኘ። ዓሣ ነባሪዎቹ በቡድን ሆነው ውሃ ውስጥ እየዞሩ አረፋ ለቀቁ። ትንንሾቹ ዓሦች አረፋው መሐል ታጠሩ። ሁሉም በአንዴ አፋቸውን ከፍተው ከውሃው ወጡ። ሰው ጮኸ። ባሏ ካሜራው ዝናብ ገብቶበት አልሠራለትም። ልጆቹ አለቀሱ፣ በደስታ ነው አሉ።

«እማዬስ ምን አለች?»

እህቴ ዝም አለች።

«እማዬን ስጪኝ!»

እማዬ መጣች። «አላየሁትም ልጄ። ሽንት ቤት ነበርኩ» አለችኝ። ቅር አላላትም። «እንዴት ያለ ንጹሕ ነው መሰለህ! ሙቅ ውሃ ሁሉ አለው።»

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍቶ «ሳሪስ! ሳሪስ!» የሚለው ያው ረዳት ነው። ሌላ ታክሲ ልጠብቅ አልኩ፣ ሌላ ታክሲ አልነበረም። ገና ስቀመጥ አወቀኝ።

«ብሮ! ዓሣ ነባሪው እንዴት ሆነ?»

ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። ነገርኩት። ሽንት ቤቱን ጭምር።

«እናትህ ካላየች ታዲያ መልስ ሰጧት?»

«አልሰጧትም። ሌላው ሰው አይቷል።»

ሂሳብ ለመሰብሰብ የዘረጋውን እጁን ሳያጥፍ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ።

«ሰማችሁ? አሜሪካም ዝርዝር የለም።»